በባዶ ቦታ የተጻፈ ሙዚቃ፦ የበርት ኬምፕፈርት ቅንብርና የደራሲነት ዕዳ

በርት ኬምፕፈርት በሙዚቃ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ስሙ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በሌሎች ሰዎች ምዕራፍ ነው። የቢትልስን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ፣ በ1961 (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ሐምቡርግ ላይ ወጣቶቹን አስፈርሞ ለገበያ የበቃ የመጀመሪያ ቅጂያቸውን ያዘጋጀ፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ያለ ብዙ ክርክር ከውላቸው የለቀቃቸው ጀርመናዊ አድርጎ ያስተዋውቀዋል። የፍራንክ ሲናትራን ሕይወት የሚተርክ «ስትሬንጀርስ ኢን ዘ ናይት» የተባለውን ዜማ ያመጣው ሰው ይለዋል። ስለ ኤልቪስ ፕሪስሊ የሚጽፍም፣ «ውደን ኸርት» ከአንድ የቆየ የጀርመን ሕዝብ ዘፈን ተወስዶ «ጂ አይ ብሉስ» ለተባለው ፊልም ሲዘጋጅ እጁ እንደነበረበት ጠቅሶ ያልፋል። በራሱ ስም፣ ከራሱ ኦርኬስትራ ጋር ያሳተማቸው አልበሞች ግን «ለስላሳ ሙዚቃ» በሚባለው መደርደሪያ ላይ ቀርተዋል፤ ሐያስያን በዚያ ሲያልፉ ቀና ብለው እንኳ አያዩም። ሰሚው እጅግ ብዙ፣ ተንታኙ ግን በጣት የሚቆጠር ሙዚቃ ነው።

ይህ ዝምታ የመነጨው ከአንድ የቆየ ልማድ ይመስለኛል። ዘፈን ስንመዝን ዜማውንና ድምፃዊውን እንመዝናለን፤ ቅንብሩን ግን ዜማው የሚለብሰው ልብስ አድርገን እንቆጥረዋለን። የአማርኛ ካሴት ሽፋን ላይ «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» ተብሎ ስም ለየብቻ ሲጻፍ ማየት የለመደ አንባቢ እንኳ፣ ስለ ዘፈኑ ሲያወራ የሚጠራው የድምፃዊውን ስም ነው። ኬምፕፈርትን በዚህ ሚዛን ካስቀመጥነው ጥቂት ጆሮ የሚይዙ ዜማዎችን የጻፈ ዕድለኛ ሰው ከመባል አያልፍም። እዚህ የምከራከረው በሌላ አቅጣጫ ነው። ኬምፕፈርት በሙሉ ትርጉሙ ደራሲ ነው፤ ድርሰቱም ቅንብሩ ነው፤ ዝነኛ ዜማዎቹ ራሳቸው የተወለዱት ከዚያው ከቅንብር አሳቡ ነው። ሆኖም ይህን ማዕረግ ስንሰጠው ዕዳውንም አብረን ማስረከብ አለብን። የትኛው ድምፅ እንዲሰማ የሚወስን ሰው የትኛው እንዳይሰማ የሚወስንም እርሱ ነው። ዕዳው ከሁሉ ይልቅ የሚገዝፈው ደግሞ በአሠራር ረገድ ከሁሉ በተዋጣለት ሥራው፣ በ1962 በወጣው «ኤ ስዊንጊን ሳፋሪ» ላይ ነው።

ኬምፕፈርት ኦክቶበር 16 ቀን 1923 ሐምቡርግ ተወለደ። በከተማው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ ፒያኖ፣ ክላርኔት፣ ሳክስፎንና አኮርዲዮን የሚጫወት ወጣት ሳለ ጦርነቱ መጣ። በባሕር ኃይሉ የሙዚቃ ጓድ አገለገለ፤ በኋላም ዴንማርክ ውስጥ ምርኮኛ ሆኖ ከምርኮ ጓደኞቹ ጋር ባንድ አቋቋመ። ወደ አገሩ ሲመለስ የተጫወተው ብሬመርሃቨን አካባቢ በነበሩት የአሜሪካ ጦር መኮንኖች ክበቦች ነበር። ይህች ጊዜ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ አጭር ብትሆንም በሥራው ላይ የተወችው አሻራ ትልቅ ነው። ናዚዎች ያወገዙትን ስዊንግ ለአሸናፊው ጦር መኮንኖች የሚጫወት የተሸነፈ አገር ልጅ ሁለት ነገር መቻል ነበረበት፦ የሌላውን ሙዚቃ እንደ ባለቤቱ አድርጎ መጫወት፣ ማንንም ሳያስቀይም ማስደሰት። ሁለቱም ችሎታዎች ኋላ በሠራቸው አልበሞች ሁሉ አሉ። ሁለተኛው የጥንካሬውም የድካሙም ምንጭ ሆነ። በ1950ዎቹ በሐምቡርግ ለራዲዮና ለፖሊዶር የሸክላ ኩባንያ አቀናበረ፤ ድምፃዊው ኢቮ ሮቢች በ1959 ዝነኛ ያደረገውን «ሞርገን»ን፣ ፍሬዲ ክዊን የዘፈናቸውንም አዘጋጀ። ራሱ ከመታወቁ በፊት ለዓመታት እንጀራውን የበላው የሌላ ሰው ድምፅ ጎልቶ የሚሰማበትን ቦታ በመክፈት ነበር ማለት ነው።

በዚያው በ1959 የተቀረጸው «ዋንደርላንድ ባይ ናይት» አሠራሩ ሞልቶ የታየበት ሥራ ነው። ዜማው የራሱ አይደለም፤ ክላውስ-ጉንተር ኖይማን የጻፈው የፊልም ዜማ ነው። ትራምፔቱን የነፋውም ቻርሊ ታቦር ነው። ዜማው የአንድ ሰው፣ ትንፋሹ የሌላ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ሸክላውን የሰማ ጆሮ ግን የማን እንደሆነ አይጠፋውም። ቅንብር ደራሲ ሊኖረው እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። ፖሊዶር ጀርመን ውስጥ ብዙም ስላልጓጓለት ኬምፕፈርት ቅጂውን ኒውዮርክ ወስዶ ለዴካ የሸክላ ኩባንያው ሚልት ጋብለር አሰማው። ጋብለር ቢሊ ሆሊዴይ «ስትሬንጅ ፍሩት»ን ስትቀርጽ በራሱ አነስተኛ ኩባንያ ያሳተመላት፣ የቢል ሄሊን «ሮክ አራውንድ ዘ ክሎክ» ያዘጋጀ ሰው ነው፤ ጆሮው ለስላሳ ነገር ብቻ የሚወድ አልነበረም። በጃንዋሪ 1961 ሸክላው በቢልቦርድ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥቶ ሦስት ሳምንት ቆየ። ጦርነቱ ካበቃ ገና 16 ዓመት አልሞላም። ሙዚቃው ቃል የሌለው መሆኑ፣ የጀርመንኛ ዘዬ የማይሰማበት መሆኑ፣ መንገዱን ሳያቀልለት አልቀረም።

ቀረብ ብለን እንስማው። ከላይ ትራምፔቱ ዜማውን እየጎተተ፣ ድምፁን እያርገበገበ ይዘልቃል። ከታች የላዲ ጋይስለር ቤዝ ጊታር አለ። ጋይስለር በፕራግ የተወለደ የሐምቡርግ ጊታሪስት ሲሆን ቤዙን በጣቱ ፋንታ በፕሌክትረም (በገመድ መምቻ) ይመታ ነበር፤ ገመዱ እንዳይጮህ ስለሚያፍነው እያንዳንዱ ኖታ ጠቅ ብሎ ወዲያው ይሞታል። ጀርመኖች ይህን ድምፅ «ክናክ-ቤዝ» ብለውታል። በጊዜው በነበረው የዳንስ ኦርኬስትራ ውስጥ ቤዝ የሚታወቀው ሲጠፋ ነበር፤ እዚህ ግን ከትራምፔቱ እኩል ሁለተኛው ዋና ድምፅ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ የድምፅ ክልል፣ ሌሎች አቀናባሪዎች ሳክስፎን፣ ትሮምቦን፣ ፒያኖና ጊታር የሚያጭቁበት ስፍራ፣ ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ቫዮሊኖቹና ቃል የማይናገረው የድምፃውያን ጓድ ረጅም ኖታ ይዘው በስሱ ይሸፍኑታል እንጂ አይሰፍሩበትም። ናሶቹ ይገባሉ፣ ይመልሳሉ፣ ይወጣሉ። ሰሚው «ይህ ሙዚቃ አያስጨንቅም» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለአንድ አፍታ የሚወዳደሩ ድምፆች ስለሌሉ ጆሮ መምረጥ አይጠበቅበትም። ይህ ምቾት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። እያንዳንዱን መሣሪያ መቼ ዝም እንደሚያሰኝ አስቀድሞ የወሰነ ሰው አለ።

ከማንቶቫኒ ጋር ማነጻጸር ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ቬኒስ ተወልዶ እንግሊዝ ያደገው አኑንዚዮ ፓኦሎ ማንቶቫኒ በ1951 «ሻርሜን»ን ሲያወጣ፣ አቀናባሪው ሮናልድ ቢንጅ ቫዮሊኖቹን በየቡድን ከፋፍሎ ነበር። አንዱ ቡድን የዜማውን አንድ ኖታ ተጫውቶ ሳይለቅ ሲይዝ ቀጣዩ ቡድን ቀጣዩን ኖታ ይጀምራል፤ ኖታዎቹ እርስ በርሳቸው እየተደረቡ በትልቅ ካቴድራል ውስጥ የሚያስተጋባ የሚመስል ድምፅ ይፈጥራሉ። የገደል ማሚቶው በወረቀት ላይ የተጻፈ ነው። ብልሃቱ ድንቅ ነው፤ ግን የመሙላት ብልሃት ነው። ባዶ ቦታ አንድም አይቀርም። ገበያው ሁለቱን ሰዎች በአንድ ስያሜ ቢጠራቸውም፣ በአሠራር ተቃራኒ ናቸው፤ አንዱ አዳራሹን በድምፅ ያጥለቀልቃል፣ ሌላው ከአዳራሹ ዕቃ ያወጣል። «ለስላሳ ሙዚቃ» የሚለው ስያሜ ስለ ገዢው እንጂ ስለ ሙዚቃው ብዙም እንደማይነግረን ከዚህ እንረዳለን።

እዚህ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ የጀርመናዊው ፈላስፋ የቴዎዶር አዶርኖ ነው። አዶርኖ በ1941 ስለ ተወዳጅ ሙዚቃ በጻፈው ድርሰት፣ ይህ ሙዚቃ በአንድ ቅርጽ እየተቆረጠ የሚወጣ በመሆኑ በሰሚው ፋንታ ራሱ ያዳምጣል፣ ለሰሚው የሚቀርለት ሥራ የለም ብሎ ተከራክሯል። ክሱ በከፊል እውነት ነው። ኬምፕፈርት ያገኘውን ቀመር ደጋግሞታል፤ በ1960ዎቹ ማብቂያ ላይ የወጡ አንዳንድ አልበሞቹን አንዱን ከአንዱ ለመለየት ሽፋኑን ማየት ያስፈልጋል። ነገር ግን አዶርኖ የሰሚውን ድካም ከሠሪው ድካም ጋር ያያይዘዋል፤ ለሰሚ የቀለለ ነገር በሠሪው ዘንድም ሳይታሰብበት የተሠራ ይመስለዋል። ይህ አይከተልም። በአሜሪካ በሽቦ ወደ ቢሮና ፋብሪካ ይላክ የነበረው ሙዛክ በእርግጥም እንዳይሰማ ተብሎ የተቀናበረ ነበር፤ ጆሮ የሚስብ ነገር ሁሉ ተለቅሞ ይወጣለት ነበር። የኬምፕፈርት ሸክላ ግን ሰው ከኪሱ አውጥቶ የገዛው፣ በቤዙ ጠቅታ ብቻ ከሌላው ተለይቶ የሚታወቅ ዕቃ ነው። ጀርባ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ ለጀርባ ብቻ ግን አልተሠራም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከወዳጆቹ የሚመጣ ነው። ኬምፕፈርት የሚታወሰው በዘፈኖቹ ስለሆነ ቅንብሩን እንተወው ይላሉ። ማስረጃቸውም ቀላል አይደለም። «ስትሬንጀርስ ኢን ዘ ናይት» በመጀመሪያ «ኤ ማን ኩድ ጌት ኪልድ» ለተባለው ፊልም የተጻፈ ቃል አልባ ዜማ ነበር። ቻርልስ ሲንግልተንና ኤዲ ስናይደር ግጥም ጻፉለት፤ ሲናትራ ኤፕሪል 11 ቀን 1966 ሲቀርጸው ያቀናበረው ኧርኒ ፍሪማን ነው። ሸክላው አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ፤ ለፍሪማንም የቅንብር ግራሚ አስገኘ። እንግዲህ የአቀናባሪው ከሁሉ የታወቀ ሥራ በሌላ አቀናባሪ እጅ ካማረ፣ ክርክሬ የት ይቆማል? መልሱ በዜማው አካል ውስጥ ነው። ዜማው አጭር ሐረግ ይልና ይቆማል፤ ያንኑ ትንሽ ለወጥ አድርጎ ይልና እንደገና ይቆማል። በየመቆሚያው ኦርኬስትራው የሚመልስበት ክፍተት አለ። «ስፓኒሽ አይስ» የሆነው «ሙን ኦቨር ኔፕልስ»ም እንዲሁ ነው። ናት ኪንግ ኮል በ1964 የዘፈነው «ኤል ኦ ቪ ኢ» ደግሞ አሳቡን እስከ ጫፍ ይወስደዋል፤ እያንዳንዱ ስንኝ በአንድ ፊደል ተጠርቶ ይጀምራል፣ ናሶቹ በየመሃሉ ዘው ይላሉ። እነዚህ ዜማዎች ለብቻቸው ሲያፏጯቸው የጎደለ ነገር ያለባቸው ይመስላሉ፤ ጎዶሎው ለቅንብር የተተወ ነው። ፍሪማን ያማረ ሥራ የሠራው ኬምፕፈርት አስቀድሞ ቦታ ስላስቀረለት ነው። ጂሚ ሄንድሪክስ በጁን 1967 ሞንተሬይ መድረክ ላይ «ዋይልድ ቲንግ»ን እየተጫወተ የዚህን ዜማ ሐረግ በአንድ እጁ ጣል ሲያደርግ ተመልካቹ ወዲያው ያወቀውም ሐረጉ ብቻውን የሚቆም፣ በፀጥታ የታጠረ ስለሆነ ነው።

በነገራችን ላይ የቢትልስ ነገር በዚሁ ብርሃን ሲታይ ያን ያህል እንቆቅልሽ አይደለም። ኬምፕፈርት በጁን 1961 ሐምቡርግ-ሃርቡርግ ያስቀረጻቸው ለቶኒ ሸሪዳን አጃቢ አድርጎ ነው፤ ሸክላውም ላይ «ቢት ብራዘርስ» ተባሉ። አንድ ድምፅ ከላይ፣ ሌላው ከታች፣ መካከሉ ክፍት የሆነ ሙዚቃ ለሚያስብ ጆሮ፣ ሁሉም ተጫዋች እኩል ፊት የሚቆምበት ባንድ ቦታ አልነበረውም። ስህተት ከሆነም ከራሱ ጥበብ ጋር የሚስማማ ስህተት ነው።

ወደ «ኤ ስዊንጊን ሳፋሪ» እንምጣ። የአልበሙ መነሻ ክዌላ ነው፤ በ1950ዎቹ በጆሃንስበርግ ጥቁሮች ሰፈሮች ልጆች መንገድ ዳር ቆመው በርካሽ የቆርቆሮ ዋሽንት ይጫወቱት የነበረ ሙዚቃ። ስፖክስ ማሺያኔን የመሰሉ ባለሙያዎች ወደ ሸክላ አመጡት፤ በ1958 የኤልያስና የዚግዛግ ጃይቭ ዋሽንተኞቹ «ቶም ሃርክ» እንግሊዝ ውስጥ ሁለተኛ እስከመሆን ደረሰ። ክዌላ የሚቆመው እየተመላለሰ በሚዞር አጭር የኮርድ ዑደት ላይ ነው። ከላይ ዋሽንቱ፣ ከታች ጊታሩና ቤዙ አሉ፤ መካከሉ ክፍት ነው። ኬምፕፈርትን የሳበው ይህ ይመስለኛል። ብዙዎች አልበሙን አውሮፓዊው ለአፍሪካ ባለው የሩቅ ናፍቆት ይተረጉሙታል፤ ሽፋኑና ርእሶቹም ይህን ያበረታታሉ። በእኔ ንባብ ግን ኬምፕፈርት ክዌላ ውስጥ የሰማው የራሱን ንድፍ ነው። እርሱ በሐምቡርግ ስቱዲዮ ከኦርኬስትራ ላይ እየቀነሰ የደረሰበትን ቅርጽ፣ የጆሃንስበርግ ልጆች ሌላ መሣሪያ የሚገዙበት ገንዘብ ስላልነበራቸው ቀድመው ደርሰውበታል። የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ዜማ ሲጀምር የምንሰማው ይህንን ግጥጥሞሽ ነው፤ ዋሽንቶቹ ከላይ ይፈነጥዛሉ፣ የጋይስለር ቤዝ ከታች ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ከበሮው በቀላሉ ይነካል። ማንኛውም ኖታ ትርፍ አይደለም። የኦርኬስትራ መሪው ቢሊ ቮን በዚያው ዓመት ዜማውን ደግሞ ቀርጾ አሜሪካ ውስጥ ተወዳጅ ያደረገው፣ ቴሌቪዥንም ለጨዋታ ፕሮግራም መክፈቻ የወሰደው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይሁንና ምን ቀረ? የክዌላ ዋሽንተኛ መሣሪያውን ቀጥ አድርጎ አይነፋም። አፉ ውስጥ ወደ ጎን ያዘነብለዋል፤ ትንፋሹ ከኖታው ጋር ይሰማል፣ ድምፁ ይወፍራል፣ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ሲሄድም ይንሸራተታል። ሁለት ዋሽንተኞች አብረው ሲጫወቱ መቃኛቸው በስሱ ይለያያል፤ ጥፍጥናው ያለው እዚያ ልዩነት ላይ ነው። ኬምፕፈርት ይህን ክፍል የሰጠው በትክክል ለተቃኙ፣ እንደ አንድ ሆነው ለሚነፉ የኦርኬስትራ ዋሽንቶች ነው። ቅርጹ ቆየ፤ ትንፋሹ ተወሰደ። የአንድ መንገድ ዳር ልጅ ድምፅ የማንም ያልሆነ ድምፅ ሆነ። የአቀናባሪ ድርሰቱ ቅንብሩ ነው ካልን፣ ይህ መተካት ከድርሰቱ ውስጥ ዋናው ውሳኔ ነው፤ «ስቱዲዮ ውስጥ የነበሩት ተጫዋቾች እነዚህ ናቸው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የፕሌክትረምን ጠቅታ ያህል ጥቃቅን ነገር ለይቶ የሚሰማ ሰው የዋሽንቱን መንሸራተት አልሰማም ማለት አይቻልም።

የተመረጡት ዜማዎች ዝርዝርም ተመሳሳይ ነገር ይናገራል። «ስኮኪያን» የኦገስት ሙሳሩሯ ነው፤ ሙሳሩሯ ደቡብ ሮዴዥያ ውስጥ ሳክስፎኑን ይዞ በ1947 ያስቀረጸው ሲሆን በ1954 ሉዊ አርምስትሮንግን ጨምሮ ብዙ አሜሪካውያን ተሻሙበት። «ዊሞዌ» ሰለሞን ሊንዳ በ1939 ጆሃንስበርግ «ምቡቤ» ብሎ የቀረጸው ዘፈን ነው፤ ርእሱ ራሱ አሜሪካዊው ድምፃዊ ፒት ሲገር ከሸክላ ላይ አጣርቶ ሳይሰማው የጻፈው ነው። «ዛት ሃፒ ፊሊንግ» የጋናዊው ከበሮ መቺ ጋይ ዋረን ድርሰት ነው፤ ዋረን ከኬምፕፈርት ጋር በአንድ ዓመት የተወለደ፣ ኋላ ኮፊ ጋናባ የተባለ፣ የአፍሪካን ከበሮ የጃዝ መሪ ለማድረግ ቺካጎ የሄደ ሰው ነበር። ከእነዚህ ጎን «ዛምቤዚ» አለ፤ የነጩ ደቡብ አፍሪካዊ አኮርዲዮን ተጫዋች የኒኮ ካርስተንስ ነው። «ሲሚላው»ም አለ፤ በ1940ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የተፈጠረ ነው። ሙሳሩሯ፣ ሊንዳ፣ ዋረን፣ ካርስተንስና የአሜሪካ የዘፈን ገበያ በአንድ ቤዝ፣ በአንድ ከበሮ፣ በአንድ ድምፅ ሲቀርቡ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ሁሉ ይጠፋል። በዋረን ሸክላ መሪ የነበረው ከበሮ እዚህ ከኋላ ሆኖ ጊዜ ይቆጥራል። ቅንብሩ አገሮቹን እኩል አደረጋቸው፤ እኩል ያደረጋቸው ግን በማደብዘዝ ነው።

ጊዜው ደግሞ 1962 ነው። ክዌላ ካበበባቸው ሰፈሮች አንዱ የነበረው ሶፊያታውን ከ1955 ጀምሮ ነዋሪው በኃይል እየተነሣ ፈርሷል። በማርች 1960 ሻርፕቪል ላይ ፖሊስ 69 ሰው ገድሏል። ኔልሰን ማንዴላ የተያዘው በኦገስት 1962 ነው። የ«ምቡቤ»ን መብት በ10 ሺሊንግ የሸጠው ሰለሞን ሊንዳ በዚያው ዓመት በድህነት ሞተ፤ ወራሾቹ ካሳ ያገኙት በ2006 በስምምነት ነው። የዳንስ ሙዚቃ የፖለቲካ መግለጫ መሆን አለበት አልልም፤ ክዌላም ራሱ የዳንስ ሙዚቃ ነበር። የምለው፣ ያ ደስታ ከፖሊስ እየተደበቁ የሚጫወቱት ደስታ መሆኑ ከድምፁ ውስጥ ይሰማ ነበር፤ ከአልበሙ ውስጥ አይሰማም፤ እንዳይሰማ ያደረገውም ከላይ ያየነው የትንፋሽ መወገድ ነው።

አንድ ተከራካሪ እዚህ ላይ ያስቆመኛል። ክዌላ ራሱ ከአሜሪካ ስዊንግ የወሰደ ድብልቅ ነው፤ የጆሃንስበርግ ልጆች የካውንት ቤዚንና የግሌን ሚለርን ሸክላ እየሰሙ አድገዋል። ኬምፕፈርትም ስዊንግ የተማረው ከአሜሪካውያን ነው። ታዲያ ሁለት ተበዳሪዎች ተገናኙ ቢባል ምን ነውር አለው? ክርክሩ ብርቱ ነው፤ ለሙዚቃ «ንጹሕ ባለቤት» ለሚፈልጉም ተገቢ መልስ ነው። መበደሩን አልነቅፍም። የዋረን ስምም በዜማ ደራሲነት ተጠቅሷል። ልዩነቱ ያለው ተበዳሪው ብድሩን ምን አደረገው በሚለው ላይ ነው። የጆሃንስበርግ ዋሽንተኞች የስዊንግን ሪፍ ሲወስዱ የራሳቸውን አካል ጨመሩበት፤ ማን እንደሚጫወት በአንድ ኖታ ይታወቃል። ኬምፕፈርት ሲወስድ አካሉን ቀነሰ። መቀነስ የጥበቡ መሠረት ነው፤ ከገዛ አገሩ ኦርኬስትራ ላይ ሲቀንስ ጥራት የሆነው ነገር፣ አስቀድሞ ብዙ ከተቀነሰባቸው ሰዎች ሙዚቃ ላይ ሲቀንስ ሌላ ስም ያስፈልገዋል።

ሌላው ጥያቄ፣ ደራሲው እውነት አንድ ሰው ነው ወይ የሚለው ነው። የሙዚቃ ባልደረባው ሄርበርት ሬባይን ከ1950ዎቹ ጀምሮ ራሱ በ1979 እስከሞተ ድረስ ከኬምፕፈርት ጋር አብሮ ጽፏል፣ አብሮ አቀናብሯል። ያለ ጋይስለር ጣቶች ክናክ-ቤዝ አይኖርም። ይህ እርማት ተገቢ ነው፤ ደራሲነቱን ግን ያሰፋዋል እንጂ አያፈርሰውም። ጋይስለር ለሌሎች የሐምቡርግ ባንዶችም ተጫውቷል፤ ቤዙ ግን ይህን ያህል ስፍራ ያገኘው ኬምፕፈርት አጠገቡ ያለውን ሁሉ ዝም ስላሰኘለት ነው። በዚያው ከተማ፣ ከዚያው የሙያ ክበብ የወጣው ጄምስ ላስት በ1965 «ኖን ስቶፕ ዳንሲንግ»ን ሲጀምር የመረጠው ተቃራኒውን ነው፤ ዘፈን ከዘፈን ጋር ሳያቋርጥ ተሰፍቶ፣ የጭፈራ ቤት ጩኸት ተጨምሮበት፣ ክፍተት የሚባል ነገር ሳይኖር። የላስት ገበያ ሰፋ። የኬምፕፈርት ሸክላዎች ግን ዛሬ ሲሰሙ ያረጁት በጥቂቱ ነው።

ኬምፕፈርት ለረጅም ጊዜ የስቱዲዮ ሰው ነበር፤ ከኦርኬስትራው ጋር በለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ ለሕዝብ የቀረበው በ1974 ነው። በመድረክ ቅጂዎቹ እንደ ትሮምቦኒስቱ ጂግስ ዊገምና እንደ ኸርብ ጌለር ላሉ የጃዝ ተጫዋቾች ሰፊ የሶሎ ጊዜ ሰጠ፤ በስቱዲዮ ያስወገደውን የግለሰብ ትንፋሽ ዘግይቶ መልሶ አስገባው ለማለት ይቻላል። ዕድሜው አልበቃም። ጁን 21 ቀን 1980 ማዮርካ ላይ በ56 ዓመቱ ሞተ፤ የአሜሪካ የዘፈን ደራስያን የክብር መዝገብ ስሙን ያሰፈረው በ1993 ነው። መዝገቡ ያከበረው የዜማ ደራሲውን ነው፤ አቀናባሪው ገና ሐያሲ ይጠብቃል። ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው «ኤ ስዊንጊን ሳፋሪ»ን ለብቻው እንዳይሰማው አደራ እላለሁ። የሙሳሩሯን የ1947 «ስኮኪያን»፣ የሊንዳን የ1939 «ምቡቤ»፣ የዋረንንም ሸክላ አጠገቡ ያድርግ፤ ሁሉም ዛሬ በቀላሉ የሚገኙ ቅጂዎች ናቸው።